ከፍቅሩ በስተጀርባ ያለው ሒሳብ፦ ጋብቻ፣ የዘመድ ድጋፍና የሀብት ልዩነት በድርሰቶቻችን

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሣ የአማርኛ አንባቢ አስቀድሞ የሚያስታውሰው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን እንባ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፣ ይልቁንም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተተረከ በኋላ፣ ልማድ ሁለት ወጣቶችን የገደለበት ታሪክ ሆኖ በሕዝብ ልብ ውስጥ ተቀምጧል። ይህ አነባበብ ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ጎደሎ ነው። ልማዱ ማንን ጠቀመ፣ ማን ከፈለበት፣ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ምን አሻገረ የሚሉትን ጥያቄዎች እንባው ሸፍኗቸዋል።

ጋብቻ በሀገራችንም ሆነ በጎረቤቶቻችን ዘንድ ከሁለት ሰዎች መዋደድ የሰፋ ጉዳይ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ጥማድ በሬ፣ መሬት፣ ግመል፣ ወርቅ፣ ዛሬ ደግሞ የከተማ ቤትና የውጭ አገር መኖሪያ ፈቃድ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚተላለፉበት በር ነው። በሩ ለማን እንደሚከፈት የሚወሰነውም በአብዛኛው ከሙሽሮቹ በስተጀርባ በቆመው ዘመድ ነው። ስለዚህ በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ ሀብታሙ እንዴት ሀብታም ሆኖ እንደሚዘልቅ፣ ድሃውም ስለ ምን ከድህነቱ እንደማይወጣ ለማወቅ የሚሻ ሰው ገበያውንና ግብሩን ብቻ ሳይሆን ሠርጉንም መመርመር ይገባዋል። ደራሲዎቻችን ይህን ሒሳብ ምን ያህል ጽፈውታል? የት ላይስ አቁመውታል?

ሁለት ጋብቻዎች በአንድ መጽሐፍ

ሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለዳቸውን የሚጀምሩት ከሰብለ ወንጌል ቤት አይደለም። የሚጀምሩት ማንኩሳ ውስጥ ከሚኖሩት ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። ብዙ አንባቢ ይህን ክፍል እንደ መግቢያ ቆጥሮ ያልፈዋል። በሀብት ጥያቄ ለሚያነብ ግን የመጽሐፉ ቁልፍ እዚህ ላይ ይገኛል። ቦጋለ ድሃ ነው፤ ውድነሽ ሀብት አላት። በተለመደው ሥርዓት ሁለቱ ሊጋቡ አይችሉም ነበር። ያጋባቸው ውድነሽ ባሎቿ እየሞቱባት በመቸገሯና የሚያገባት ሁሉ ይሞታል ተብላ በመፈራቷ ነው። እኩያዋ የሆነ ሰው ሸሻት፤ ድሃው ግን የሚያጣው ነገር ስላልነበረው ቀረባት።

ደራሲው በዚህ ትንሽ ታሪክ ውስጥ ከባድ ነገር ተናግረዋል። በዚያ ሥርዓት ድሃ ወደ ሀብት የሚገባበት የጋብቻ በር የሚከፈተው ሀብታሙ በገዛ ወገኖቹ ገበያ ዋጋው ሲወድቅ ብቻ ነው ማለታቸው ነው። በሩን የከፈተው ደግነት ወይም ፍቅር አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ፍቅሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህም ነው የቦጋለና የውድነሽ ኑሮ መልካም ሆኖ ሳለ ለሌሎች ድሆች ምሳሌ ሊሆን የማይችለው። አንድ ሰው በዕድል ያገኘው ነገር ለሌላው መንገድ አይሆንም።

ሁለተኛው ጋብቻ ያልተፈጸመው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጣውን አማጭ ሁሉ በአጥንት ይመዝናሉ፤ አንዱም አይበቃቸውም። ብዙ ሐያስያን ይህን የአንድ ትዕቢተኛ ሰው ጠባይ አድርገው ተርጉመውታል። ደራሲውም ሰውየውን የሚያስቁ አድርገው መሣላቸው ለዚህ ትርጉም በር ከፍቷል። ነገር ግን ፊታውራሪው በራሳቸው ሒሳብ ሲታዩ ሞኝ አልነበሩም። በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም የዘር ሐረግ ነበር፤ ሴትም ወንድም ይወርሱ ነበር። አለን ሆበን የተባሉት አጥኚ በዳሞት አካባቢ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ሁሉም ሰው በብዙ አባቶች በኩል ርስት የመጠየቅ መብት ቢኖረውም ጥያቄውን ከግብ የሚያደርሰው ጉልበትና ወገን ያለው ነበር። እንግዲህ ልጅን መዳር ማለት ለልጅ ልጅ የሚጠየቀውን መሬት፣ በችሎት የሚቆመውን ወገን መምረጥ ማለት ነበር። «አጥንት» የሚለው ቃል ከጀርባው እርሻ ነበረው።

በዛብህ በዚህ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ የሚጎድለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተስለው ሰጥተውታል፤ ከቤቱ ወጥቶ በቆሎ ተማሪነት አድጓል፤ ቅኔና ዜማ እንጂ ወገን ይዞ አልመጣም። በፊታውራሪው ግቢ ሲገባ አስተማሪ ነው፤ እውቀቱ ይፈለጋል፣ ይከበራልም። ነገር ግን ስለ እሱ ሽማግሌ ሆኖ የሚቆም፣ ዋስ የሚጠራ፣ ቢጣላ የሚያስታርቅ ዘመድ ከኋላው የለም። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ብቸኝነት ነው፤ ከፍቅሩ መከልከል ይልቅ የሚገድለውም እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዘመድ የሌለው ሰው እውቀት ቢኖረው እንኳ እውቀቱ ወደ ሀብት አይለወጥለትም።

የፊታውራሪው ቤት ሀብት ከየት እንደመጣም መጽሐፉ አልደበቀም። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት የሚነሡት በልማድ ስም የሚጠየቁት ነገር ስለበዛባቸው ነው። የአበጀ በለው ምዕራፎችና የሰብለ ወንጌል ምዕራፎች ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ተደርገው ሲነበቡ ቆይተዋል። ነገር ግን አንድ ናቸው። በአንዱ በኩል ሀብቱ ከገበሬው ይወጣል፤ በሌላው በኩል ከእኩያ ቤት ጋር በሚደረግ ጋብቻ ታጥሮ እንዳይፈስ ይጠበቃል። አጥሩን ለማየት የሚያስቸግረው የሠርግ ልብስ ስለለበሰ ነው።

በሰማንያና በደሞዝ

ስለ ቀድሞው ጋብቻ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ጋብቻ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። በቁርባን የሚጋቡ ነበሩ፤ በሰማንያ የሚጋቡ ነበሩ፤ በደሞዝ ወይም በገረድነት የሚኖሩም ነበሩ። በሰማንያ ያገባች ሴት በጋራ በተፈራው ሀብት ላይ ድርሻ አላት። በደሞዝ የተቀመጠች ሴት ግን የዓመት ክፍያዋን ትቀበላለች እንጂ ከቤቱ ሀብት አትካፈልም። ምንጣፉና ምጣዱ አንድ ሲሆን፣ ልጅም ተወልዶ ሳለ፣ በመለያየት ቀን አንዷ ግማሽ ትወስዳለች፤ ሌላዋ ቀሪ ደሞዟን ተቀብላ ትወጣለች።

ይህን ልዩነት የሚወስነው ሴቲቱ ይዛው የመጣችው ነገርና ከኋላዋ ያለው ቤተሰብ ነበር። ወላጆቿ ጥጃ ወይም መሬት ሊሰጧት የቻሉ፣ ሽማግሌና ዋስ ያላት በውል ትገባለች። ያልቻሉ በደሞዝ ትገባለች። ስለዚህ የሀብት ልዩነት በሁለት ቤቶች መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ አልጋ ላይ ጭምር ይኖር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ሀብት የጋራ እንደሚሆን ሲደነግግ፣ ይህን የቆየ ቁስል መንካቱ ነበር። የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜም ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጓል፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴቷ ዕድሜ 15 ነበር።

የደሞዝ ሚስት በልቦለዶቻችን ውስጥ ከሰብለ ወንጌል ጋር የሚወዳደር ቦታ አላገኘችም። ሰብለ ወንጌል የምታጣው ፍቅር ነው፤ በቤቷ ግን ማጀት ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ እነሱ ምን እንዳጡ አንባቢ ብዙ አይነገረውም። አንባቢው ለእመቤቲቱ እንዲያለቅስ ተደርጎ የማጀቷን ሴት ሳያያት ያልፋል። የታላቁ መጽሐፍ ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው ቢባል ያስኬዳል።

ገረዲቱን ያገባው ምሁር

የማጀቷን ሴት ወደ መድረክ ያወጡት መንግሥቱ ለማ ናቸው። «ያላቻ ጋብቻ» የተባለው ኮሜዲያቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ላይ የታተመው፣ ባሕሩ የተባለ ከትልቅ ቤተሰብ የተወለደ የተማረ ወጣት የቤት ሠራተኛውን በለጠችን ለማግባት የሚነሣበትን ታሪክ ይዟል። አክስቱ ደግሞ ለዘር ማንዘር የምትስማማ ሙሽራ ትፈልጋለች። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ሣቁም በትክክለኛው አቅጣጫ የተወረወረ ነው።

መንግሥቱ ለማ ከሐዲስ ዓለማየሁ የሚለዩበት ነገር ግልጽ ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያላቻ ጋብቻ የማይቻል ነገር ስለሆነ ወደ ሞት ያመራል። በመንግሥቱ ለማ ዘንድ ግን የሚቻል ነገር ነው፤ አስቸጋሪነቱም የሚያስቅ እንጂ የሚገድል አይደለም። ይህ ተስፋ የዘመኑ የተማረ ወጣት ተስፋ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት የደም ሐረግን ያሸንፋል፣ ምሁሩ ወደ ገጠር ወርዶ ከድሃው ጋር ይዛመዳል የሚል እምነት ነበር።

ዛሬ ላይ ሆኖ ሲነበብ ግን የኮሜዲው ድካም የሚታየው በዚሁ ተስፋ ላይ ነው። ሁሉም ነገር በባሕሩ ቀና ልቡና ላይ ተንጠልጥሏል። መራጩ እሱ ነው፤ ዝቅ ብሎ ማግባት የቻለውም ከፍ ብሎ ስለተወለደ ነው። አክስቱ ብትቆጣ እንኳ ትምህርቱ አይወሰድበትም። በለጠች በበኩሏ ወደ ሀብት የምትገባው በአንድ ሰው ፈቃድ ነው፤ ወንድሟ፣ እናቷ፣ የመንደሯ ሰዎች በነበሩበት ይቀራሉ። በቦጋለ መብራቱ ላይ ፍርሃት የሠራውን በበለጠች ላይ ርኅራኄ ሠራው። ሁለቱም መንገዶች ለአንድ ሰው የሚበቁ ጠባብ መንገዶች ናቸው።

ታሪክም የምሁሩን ተስፋ አላጸናውም። ትምህርት የደም ሐረግን አላጠፋም፤ ራሱ ሌላ ሐረግ ሆነ። ኦኮት ፕቢቴክ «የላዊኖ ዝማሬ»ን እ.ኤ.አ. በ1966 ሲያሳትሙ ይህን ቀደም ብለው አይተውት ነበር። ተማሪው ኦቾል ገበሬ ሚስቱን ላዊኖን ንቆ የእንግሊዝኛ ጠባይ ያላትን ክሌመንታይንን ይመርጣል። የተማረ ከተማረ ጋር ሲጋባ ሁለት ደመወዝ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገባል፤ ያልተማረ ካልተማረ ጋር ሲጋባ ሁለት ችግር ይገናኛል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የሚለው ተረት በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥም እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

ከግመል ዋጋ የሸሸችው

ከጎረቤት ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ይህን ሒሳብ ያለ ምንም መሸፋፈኛ ያቀረበው ሶማሊያዊው ኑረዲን ፋራህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ፣ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከጎባጣ ጎን አጥንት» ሊባል የሚችለው፣ ኤብላ የምትባል የአርብቶ አደር ልጅ ታሪክ ነው። አያቷ ለሽማግሌ ሊድሯት ቃል ሲገቡ ትሸሻለች። ከተማ ያለው የአክስት የአጎት ልጅ መጠጊያ ይሆናታል ብላ ስትገባ፣ እሱ ደግሞ በገንዘብ ለሌላ ሰው ሊሰጣት ይስማማል። እንደገና ትሸሻለች፤ ሞቃዲሾ ትደርሳለች፤ ያገባችው ወጣት ወደ ኢጣሊያ ሲሄድም ለመኖር ስትል ሀብት ካለው ሌላ ሰው ጋር በድብቅ ትጋባለች።

የኤብላ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጠቃሚ የሚሆነው አንድ የተደበቀ ነገር ስለሚያወጣ ነው። ዘመድ መጠጊያ ነው፤ ዘመድ ሻጭም ነው። እነዚህ ሁለቱ የሚለዋወጡ ጠባዮች አይደሉም፤ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ይኖራሉ። የአጎቷ ልጅ ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም የሚሸጣት፤ ተቸግሯል። ድሃ ዘመድ ለመርዳት የሚያወጣው ገንዘብ የለውም፤ ያለው ሀብት ራሷ የተጠጋችው ልጅ ናት። ሀብታም ዘመድ ደግሞ ሳይሸጥ መርዳት ይችላል። ስለዚህ ስለ ዘመድ ፍቅርና ክፋት በሥነ ምግባር ቋንቋ ብቻ የሚናገር ሐያሲ ግማሹን ይስታል። የዘመድ ደግነት ራሱ እንደ ሀብት መጠን የተከፋፈለ ነገር ነው።

መሬቱ ከተወረሰ በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የፊታውራሪ መሸሻ ዓለም በሕግ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ከዚያ ወዲህ በጻፉት ብዙ ደራሲዎች ዘንድ የአጥንትና የጉልት ነገር ያለፈ ዘመን ታሪክ ሆኖ ቀረ። ጋብቻ በልቦለድ ውስጥ የፍቅር ጉዳይ፣ ቢበዛ የፖለቲካ መለያየት ጉዳይ ሆነ። የሀብቱ ሒሳብ ከገጹ ላይ ተነሣ።

ከኑሮው ላይ ግን አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1997 ከ15 የኢትዮጵያ ገጠር መንደሮች የተሰበሰበውን መረጃ መሠረት በማድረግ ማርሴል ፋፍሻምና አግነስ ኪሱምቢንግ የተባሉ የምጣኔ ሀብት አጥኚዎች ሙሽሮች ወደ ትዳር ይዘውት የሚገቡትን ንብረት መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ውጤት የሚናገረው ማንኛውም ሽማግሌ የሚያውቀውን ነው። ያለው ካለው ጋር ይጋባል። ሙሽራው የሚይዘው ሀብት ከወላጆቹ ሀብት ጋር የተያያዘ ነው፤ ወንዱ ይዞ የሚመጣው ከሴቷ እጅግ ይበልጣል። አዲሱ ጎጆ የሚጀምረው በዚህ ስንቅ ስለሆነ፣ በሠርግ ቀን የነበረው ልዩነት ለረጅም ጊዜ አብሮ ይኖራል። መሬት የማይሸጥ ሆኖ ሳለ እንኳ ማለት ነው።

የመሬት አለመሸጥ ነገሩን በአንድ በኩል አባሰው ማለትም ይቻላል። መሬት በገበያ የማይገኝ ከሆነ የሚገኘው ከወላጅ ነው፤ አለዚያም በትዳር ነው። ወላጁ ጥማድ በሬና ቁራሽ መሬት ሊቆርስለት የቻለ ወጣት ጎጆ ይወጣል፤ ያልቻለው የሰው መሬት በእኩል ያርሳል፣ ወይም ወደ ከተማ ይሰደዳል፣ ማግቢያውም ይዘገያል። ለዚህ ነው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ መጻፉ፣ ፎቶግራፋቸውም መለጠፉ ትልቅ ነገር የሆነው። አንዲት ሴት ከትዳር ብትወጣ ባዶ እጇን እንዳትወጣ የሚያደርግ ወረቀት ነው። የዚያ ደብተር ታሪክ አንድ ጥሩ ልቦለድ ይበቃው ነበር።

የዘመድ ድጋፍ ሁለት ፊቶች

እዚህ ላይ ሌላውን ወገን በፍትሕ መስማት ያስፈልጋል። ጋብቻና ዘመድ ድሃውን የሚያጠብቁ አጥሮች ብቻ ናቸው ማለት እውነትን መቁረጥ ነው። መንግሥት ጡረታ ለጥቂት ሰው ብቻ በሚያደርስበት አገር፣ የታመመን የሚያስታምም፣ የሞተን የሚቀብር፣ የተማሪን የቤት ኪራይ የሚከፍል ዘመድ ነው። ዕድርና ዕቁብም የዚሁ የመረዳዳት ልማድ ማስፋፊያ ናቸው። ብዙ ሊቃውንትና ባለሥልጣናት የወጡት አንድ ታላቅ ወንድም ወይም አንዲት ታላቅ እኅት የራሳቸውን ትምህርት ትተው ስላስተማሯቸው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በከንቱ አይደለም።

ነገር ግን ድሩ የሚያስረው አንበሳ እንደ ድሩ ብዛት ነው። አሥር ደመወዝተኛ ባለበት ቤተሰብ ውስጥ እርስ በርስ መረዳዳት ሀብትን ያሳድጋል፤ አንዱ ቢወድቅ ዘጠኙ ያነሡታል። አሥር ችግረኛ ባለበት ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ደመወዝ ሲጀምር ዘጠኙ ይጠብቁታል። ሁለቱም ወጣቶች በአንድ መሥሪያ ቤት እኩል ደመወዝ ሊከፈላቸው ይችላል። ከአምስት ዓመት በኋላ አንደኛው ቤት ሠርቶ ይገኛል፤ ሁለተኛው ሦስት ታናናሾች አስተምሮ በኪራይ ቤት ይገኛል። በደመወዝ መዝገብ ላይ እኩል የነበሩት በሀብት ተለያዩ። ሰነፍና ታታሪ ተብለው ሊፈረድባቸው አይገባም፤ ሁለተኛው ምናልባት የበለጠ ሠርቷል።

ይህ ሸክም በሴቶች ላይ ሲወድቅ ይበልጥ ይከብዳል። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌትና ወደ ሊባኖስ በቤት ሠራተኛነት የሄዱት ልጆች ታሪክ የዚህ ዘመን የጋብቻና የዘመድ ድጋፍ ዋና ታሪክ ነው። ከሊባኖስ ወይም ከሪያድ የሚላከው ገንዘብ የወንድምን ጥሎሽ ይከፍላል፣ የአባትን ቤት በቆርቆሮ ይከድናል፣ የታናሽ እኅትን ሠርግ ያደምቃል። ላኪዋ ግን ማግቢያዋ ያልፋል፤ ቤቱም የተሠራው በሌላ ሰው ስም ሊሆን ይችላል። ከ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የማያንሱ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ አንዳንዶቹ በገዛ ገንዘባቸው በቆመ ቤት እንግዳ ሆነው ገብተዋል። የዘመኑ ሰብለ ወንጌል በገዳም አይደለችም፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች፤ የሚጽፋት ግን ገና በበቂ አልተገኘላትም።

በናይሮቢና በካምፓላ የሚኖር አማርኛ አንባቢ የዚሁን ነገር ሌላ መልክ በየጊዜው ያያል። በኬንያም በኡጋንዳም ሠርግ የሚደገሰው በኮሚቴ ነው፤ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ የሚሰጠውን ቃል ይገባል፤ በቃሉም ይጠየቃል። ሀብታም ወዳጅ ያለው ሙሽራ ከስብሰባው ትርፍ ይዞ ይወጣል፤ ድሃ ወዳጆች ያሉት ድሆቹን አድክሞ ይወጣል። የኡጋንዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በሰጠው ውሳኔ፣ ትዳር ሲፈርስ የጥሎሽ ከብት ይመለስ የሚለውን ልማድ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ነው ብሎታል። የውሳኔው ትርጉም በሀብት ዓይን ሲታይ ግልጽ ነው። ከብቱን መመለስ የሚችል አባት ያላት ሴት ከክፉ ትዳር መውጣት ትችል ነበር፤ አባቷ ከብቱን ለወንድሟ ሚስት ማግቢያ ያዋለባት ግን ታስራ ትቀር ነበር። የመውጣት ነፃነት እንኳ ዋጋ ነበረው።

ያልተጻፈው ገጽ

እንግዲህ ደራሲዎቻችን በጋብቻና በሀብት መካከል ያለውን ግንኙነት አላዩም ማለት አይቻልም። ሐዲስ ዓለማየሁ አይተውታል፤ በቦጋለና በውድነሽ ታሪክ ውስጥ ከማንም በተሻለ አስቀምጠውታል። መንግሥቱ ለማ ገረዲቱን ከማጀት አውጥተዋታል። ኑረዲን ፋራህ የዘመድን ሁለት ፊት አሳይቷል። ጉድለቱ ከእነሱ በኋላ በመጣው ሥነ ጽሑፍ፣ ከዚያም በላይ በሒሳችን ላይ ነው። ሐያስያን ትልቁን ልቦለድ የፍቅርና የልማድ ጦርነት ብለው ስላስተማሩ፣ ተማሪውም እንዲሁ ጻፈ። ፊታውራሪው ከሄዱ በኋላ ክፉ የሚሆን ሰው ሲጠፋ ደራሲው የሀብትን ልዩነት የሚያስቀምጥበት ገጸ ባሕርይ አጣ።

ነገር ግን የሀብት ልዩነት በዛሬው ትዳር ውስጥ ክፉ ሰው አያስፈልገውም። ልጃቸው የተማረ ባል እንድታገባ የሚመኙ ወላጆች ክፉዎች አይደሉም። ለልጁ ኮንዶሚኒየም የሚከፍል አባት ክፉ አይደለም። እኩያዋን የወደደች ሴትም ክፉ አይደለችም። ሁሉም መልካም የሚባለውን አድርገው ሳለ ድምሩ አንዱን ቤት ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ይወስደዋል። ይህን በልቦለድ ማሳየት ፊታውራሪ መሸሻን ከመሣል ይልቅ ይከብዳል። ሰው የሚጠላው ሰው ሳይሰጠው እንዲያዝን ማድረግን ይጠይቃል።

ከዚህ የሚከተል አንድ የአነባበብ ጉዳይ አለ። መምህራን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በክፍል ሲያስነብቡ፣ «ፍቅራቸውን ምን አሰናከለው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «በዚህ ቤት ውስጥ የሚበላው እንጀራ ከየት መጣ? ማን ጋገረው? ሙሽራዋ ብትዳር መሬቱ ለማን ይሆን ነበር?» ብለው ቢጠይቁ ተማሪው የራሱን ቤተሰብ ሠርግ በሌላ ዓይን ያያል። የእኅቱን ከቤሩት የተላከ ገንዘብ በአባቱ ቤት ጣሪያ ላይ ያየዋል። የቤተሰቡን ታናሽ ለማስተማር ያልተማረውን ታላቅ ወንድም ስም ያስታውሳል። ምናልባትም በይዞታ ደብተሩ ላይ፣ በቤቱ ካርታ ላይ የማን ስም እንደተጻፈ ይጠይቃል።

የ1992ቱ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት ለሁለቱም እኩል ነው ይላል። ከጋብቻ በፊት ይዘውት የመጡት ግን የየራስ ሆኖ ይቀራል። ሕጉ በሁለት ተጋቢዎች መካከል ያለውን ማስተካከል ይችላል፤ በሁለት ዓይነት ቤተሰቦች መካከል ያለውን ግን ትዳር አይዳኘውም። ያንን ለመዳኘት ግብር፣ ትምህርት ቤት፣ ጡረታና የጤና መድን ያስፈልጋል፤ እነዚህ እስኪስፋፉ ድረስ የዘመድ ደመወዝ የድሃው መንግሥት ሆኖ ይቀጥላል። ሥነ ጽሑፍ ሕግ አያወጣም። ቢሆንም ማን ለማን እንደከፈለ በስም ጠርቶ መጻፍ ይችላል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በማንኩሳው ታሪክ ጀምረውት የነበረውም ይህንኑ ነው።